ምስክር ሳያልቅ፦ ለሟች ወታደር የልጅ ልጅ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ የአያትህ አርባ ወጥቷል፤ ድንኳኑም ተነሥቷል። አሁን በእጅህ ያለው አንድ የብረት ሣጥን፣ ጀርባቸው ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ጥቂት ፎቶግራፎች፣ የኮርያ ሜዳሊያ፣ መቁጠሪያና በቀብሩ ዕለት የተነበበው የአንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ነው። ያ ገጽ የት እንደ ተወለዱ፣ መቼ እንደ ዘመቱ፣ ስንት ልጆች እንዳፈሩ ይናገራል። «የእኔ ልጆች ይህን አንብበው አያቴን ያውቋቸዋል ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አያውቋቸውም።

የሞተን ወታደር የሚያኖረው ምስክር ነው፤ የለቅሶ ቤት ውዳሴ ከሰልስት አያልፍም። ምስክር ደግሞ ያልቃል። ይህን ከማንም ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየኝ የአንድ ካቶሊክ ቄስና ወታደር ታሪክ ነው፤ አባ ኤሚል ካፓውን ይባላሉ። አሜሪካዊ ናቸው፤ በኮርያ ጦርነት የሠራዊት ቄስ ሆነው ዘመቱ፣ ተማረኩ፣ በምርኮ ሞቱ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በሜይ 1951 ነው፤ አያትህ ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ቡሳን ወደብ የወረዱትም በዚያው ወር ነው። ሁለቱ አልተገናኙም። ነገር ግን የካፓውን ቤተሰብ ሰባ ዓመት የሄደበት መንገድ ለአንተም ያገለግልሃልና ምክሬን በእሱ ላይ አስደግፌ በተራ እነግርሃለሁ።

1. ከዘመቻው በፊት ጀምር።

የወታደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ወደ ተኩሱ ይቸኩላል። አባ ካፓውን ግን ኮርያ ሲገቡ የበሰሉ ሰው ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1916 ካንሳስ ውስጥ፣ ፒልሰን በምትባል የገበሬ መንደር ነው። መንደሩ ከቦሔሚያ፣ ከዛሬዋ ቼክ፣ የፈለሱ ካቶሊኮች መንደር ነበር። ቤተሰቡ በእርሻ የሚኖር፣ ሀብት የሌለው ነበር፤ ልጁም የእርሻውን ሥራ ሁሉ በእጁ እየሠራ፣ የተሰበረውን እየጠገነ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1940 ቅስና ተቀብለው ማገልገል የጀመሩት እዚያው በተወለዱበት ደብር ነበር። በኋላ በምርኮ ካምፕ ከጣራ ቆርቆሮ የውሃ ማፍያ ቀጥቅጠው ያወጡት እጆች ፒልሰን ላይ የሠለጠኑ ናቸው። ገበሬውን ካላወቅህ ምርኮኛው አይገባህም።

አንተም የአያትህን የእናታቸውን ስም፣ ፊደል ያስቆጠራቸውን ሰው፣ ካቶሊክ የሆኑት በትውልድ ይሁን በሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ለምን ወታደር ቤት እንደ ገቡ ጠይቅ። ችግር ገፍቷቸው ይሁን ወደው፣ ወይም ከቤት ኮብልለው፣ መልሱ ምንም ቢሆን ጻፈው። ለዚህ አንድ መልካም ምንጭ አለህ። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በየደብሩ የጥምቀት መዝገብ ትይዛለች፤ በመዝገቡ ላይ የወላጆችና የክርስትና አባት ስም፣ የጥምቀቱም ቀን ይጻፋል። በኋላ የተቀበሉት ሜሮንና ጋብቻም እዚያው ስማቸው አጠገብ ይመዘገባል። የተጠመቁበትን ደብር ካወቅህ ቆሞሱን በትሕትና ጠይቅ።

2. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍር።

የቤተሰብ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላሸው በቀን ነው። ከኮርያ የመጣ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል፤ የቤት ወሬው ደግሞ በእኛ ነው። ልዩነቱም ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አይደለም፤ ከመስከረም አንስቶ የፈረንጅ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ሰባት ነው። አባ ካፓውን የተማረኩት ኖቬምበር 2 ቀን 1950፣ የሞቱት ሜይ 23 ቀን 1951 ነው። ወደ እኛ ስትመልሰው ጥቅምት 23 እና ግንቦት 15 ይሆናል፤ ሁለቱም 1943 ዓ.ም. ነው። ከሁለቱም ላይ ስምንት የሚቀንስ ሰው ምርኮውን 1942 ብሎ ይጽፋል፤ ልጁም አምኖ ይገለብጠዋል።

ሽማግሌ ስትጠይቅ ደግሞ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለህ አታስጨንቀው። «ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ? አብዮቱ ሲፈነዳ እናቴ ተወልዳ ነበር ወይ?» በለው። ግርግሩ 1953፣ አብዮቱ 1966 ዓ.ም. መሆኑን አንተ ታውቃለህ፤ ቀኑን ከዚያ ተነሥተህ ታገኘዋለህ።

3. ያየውን ከሰማው ለይ።

ቄሱ በተማረኩበት በኡንሳን ውጊያ ሌሊት የቻይና ሠራዊት አባ ካፓውን የሚያገለግሉበትን የ8ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ጦር ከበበ። እሳቸው ማምለጥ እየቻሉ ከቁስለኞቹ ጋር ቀሩ። ከቁስለኞቹ መካከል አንድ ቻይናዊ መኮንን ነበርና እሱን አግባብተው፣ እጅ የሚሰጡት ወታደሮች እንዳይገደሉ እንዲደራደር አደረጉ። ከተማረኩም በኋላ አንድ የቆሰለ ሃምሳ አለቃ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ጠላት ሊገድለው ጠመንጃ ደገነበት። ቄሱ ጠመንጃ የደገነውን ገፍተው አሳልፈው ቁስለኛውን አንሥተው ተሸከሙት።

ይህን እንዴት አወቅን? ተሸክመው ያተረፉት ሰው ራሱ ስለ ተናገረ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ ቄሱ የአሜሪካን ከፍተኛ የጦር ኒሻን ሲሸለሙ ያ ሃምሳ አለቃ በሕይወት ነበረ፤ ኋይት ሐውስ ተገኝቶ ሥነ ሥርዓቱን ተከታተለ። ምስክር ማለት ይህ ነው።

በደብተርህ ላይ ሦስት ክፍል ሥራ፦ በዓይኑ ያየ የተናገረው፣ ካየ ሰው የሰማ የተናገረው፣ «ሲባል ሰማን» ተብሎ በቤት የሚወራው። ሦስተኛውን አትጣለው፤ ግን ከአንደኛው ጋር አትቀላቅለው። አያትህ ብቻቸውን ኮረብታ ያዙ ከተባለ ማን አይቶ እንደ ተናገረው እስክታገኝ ድረስ በሦስተኛው ክፍል ይቆይ። በሕይወት ያለ የቃኘው ዘማች ዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ ይባላል፤ ስለዚህ ቀጠሮ አታብዛ። ስትሄድም «የአያቴን ጀግንነት ይንገሩኝ» አትበል፤ ሽማግሌው ሊያስደስትህ ብሎ ይጨምርልሃል። «አባባ፣ በዚያ ቀን እርስዎ የት ነበሩ? እሳቸውስ የት ነበሩ?» በል።

4. ጀግንነትን በትንሹ ሥራ ፈልግ።

አባ ካፓውን ጠመንጃ አልተኮሱም። ያሉ ወንዝ አጠገብ፣ ፕዮክቶንግ በሚባለው ካምፕ፣ ያንን ክረምት ያሳለፉት በረሃብና በተቅማጥ ከሚረግፉ ምርኮኞች ጋር ነው። ምስክሮቹ ከካምፑ ወጥተው የተናገሩትን ብትሰማ አብዛኛው የቤት ውስጥ ሥራ ነው፦ በረዶ አቅልጠው ውሃ ያፈሉ ነበር፣ የታመሙትን ልብስ ያጥቡ ነበር፣ ራሳቸውን መርዳት ያቃታቸውን ሰዎች ቅማል ይለቅሙላቸው ነበር፣ የራሳቸውን ድርሻ ያካፍሉ ነበር፣ ሌሊት ሾልከው ከጠባቂዎቹ ግምጃ ቤት እህል ይሰርቁ ነበር። ሊሰርቁ ሲወጡ የሚጸልዩት ወደ ፈያታዊ ዘየማን ነበር፤ በጌታ ቀኝ ወደ ተሰቀለው፣ ካቶሊኮች ዲስማስ ወደሚሉት ወንበዴ።

እኛ ጀግና ስንል ጎራዴና ፎካሪ ይታየናል። ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ሆድ ብቻ በሚያስብበት ቦታ የሌላውን ቅማል መልቀም ግን ከፉከራ ይከብዳል። የአያትህን ጓዶች «ስንት ገደሉ?» አትበላቸው። «ደመወዝ ሲደርስ ምን ያደርጉ ነበር? የታመመ ጓድ ሲኖር ማን ይጠብቀው ነበር? ከዘመቻ ሲመለሱ ለማን ምን ይዘው መጡ?» በላቸው። የቃኘው ወታደሮች በኮርያ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው ማሳደጊያ እንደ ረዱ ይታወቃል፤ አያትህ በዚያ ውስጥ እጃቸው ካለበት ከሜዳሊያው እኩል ጻፈው።

5. ሃይማኖታቸውን ጻፍ፣ የሌላውን ግን አታሳንስ።

እንደ ብዙው ቤት የአንተም ዘመድ ድብልቅ ነው። አያትህ ካቶሊክ፣ ሴት አያትህ ኦርቶዶክስ፣ አጎትህ ጴንጤ ናቸው። በቀብሩ ሰሞን «ፍትሐቱን ማን ያድርስ? የት ይቀበሩ?» ተብሎ የተነሣውን ቅያሜ ሰምቻለሁ። እሱን ታሪክ አታድርገው።

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1951 በፕዮክቶንግ የፋሲካ ጧት ነበር። አባ ካፓውን ለቅዳሴ የሚሆን ኅብስትና ወይን አልነበራቸውም። በጠባቂዎቹ ፊት ጸሎት መሩ፤ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ምንም እምነት የሌለውም አብሮ ቆመ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ወደዚያ ካምፕ የመጣ አንድ አይሁዳዊ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ስለሳቸው የሰማው ከሌሎች ምርኮኞች ብቻ ነበር። ወሬው ግን ልቡን ነክቶት ለመታሰቢያቸው ከእንጨት መስቀል ጠረበ። ምርኮኞቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲፈቱ መስቀሉን ይዘው ወጡ። ዛሬ በዊቺታ በስማቸው በሚጠራው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ይገኛል። የቄሱን እምነት በእንጨት ቀርጾ ያቆየው የሌላ እምነት ሰው ነው።

ስለዚህ አያትህ እሑድ የት ያስቀድሱ እንደ ነበር፣ መቁጠሪያ በስንት ሰዓት ይደግሙ፣ የትኛውን ጾም ያከብሩ እንደ ነበር በግልጽ ጻፍ። የኦርቶዶክሷ አያትህ ለሥላሴ የተሳሉላቸውንም አብረህ ጻፍ። የእሳቸውን እምነት ለማጉላት የሌላውን ማጥቆር አያስፈልግህም።

6. ዝም ያሉበትን በግድ አትሙላ።

አያትህ ስለ አንዳንድ ሌሊት ተጠይቀው አልመለሱም አልከኝ። ብዙ ወታደር እንዲህ ነው። በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረ፤ ከ1966 በኋላ መንግሥቱ ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ ከደቡቡ ጎን የተዋጋ ዘማች ስለ ዘመቻው ማውራት አያዋጣውም ነበር። ሜዳሊያው ሣጥን ውስጥ የተቀበረበት ቤት ብዙ ነው።

የካፓውን ምስክሮች በዚህ ረገድ ጨዋ ነበሩ። ቄሱ እግራቸው አብጦ፣ ሳንባቸው ታሞ ሲደክሙ ጠባቂዎቹ ወደ «ሆስፒታል» እንዲወሰዱ አዘዙ፤ ምርኮኞቹ ቦታውን የሚያውቁት የሞት ቤት ብለው ነው። ተሸክመው ያደረሷቸው ጓደኞቻቸው እስከ በሩ ያዩትን ተናገሩ፦ እንዳያለቅሱ ማጽናናታቸውን፣ ለጠባቂዎቹም ይቅርታ መለመናቸውን። ከበሩ ወዲያ ያለውን አላዩም፤ አልጨመሩም። አንተም አያትህ እስከ ተናገሩበት ድረስ ጻፍ፣ ቀሪውን «ስለዚህ ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር» ብለህ እለፈው። ያ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

7. በቤት የቀሩትን አትርሳ።

የወታደር ታሪክ እኩሌታው በቤቱ ነው። ፒልሰን ላይ እናትና አባት፣ ታናሽ ወንድምም ነበሩ። ልጃቸው በምርኮ እንዴት እንደ ኖረና እንደ ሞተ በሙሉ የሰሙት ምርኮኞቹ ተፈትተው ከተናገሩ በኋላ ነው። አስከሬን አልነበረም። ቤተሰቡ ልጁ በያሉ ወንዝ ዳር፣ በጅምላ መቃብር ውስጥ እንዳለ አምኖ ኖረ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሰሜን ኮርያ ከመለሰቻቸው አስከሬኖች መካከል አንዱ የእሳቸው ነበር፤ ማንነቱ ስላልታወቀ ሃዋይ በሚገኘው ብሔራዊ የጦር መቃብር ስም አልባ ሆኖ ተቀበረ። ታናሽ ወንድማቸው በሕይወት ሳሉ የዲ ኤን ኤ ናሙና ሰጡ። ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ የሚወርድ የዲ ኤን ኤ ዓይነት አለና የወንድም ናሙና የወንድምን አጥንት ይለያል። ወንድማቸው እ.ኤ.አ. በ2010 አረፉ። ስም አልባዎቹ መቃብሮች ተከፍተው በጥርስ፣ በአጥንትና በዲ ኤን ኤ ሲመረመሩ አባ ካፓውን በማርች 2021 ተለዩ፤ በእኛ የካቲት 2013 ነው። በዚያው የፈረንጅ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዊቺታ ውስጥ ፍትሐታቸው ተደርሶ በካቴድራሉ ተቀበሩ። ወንድማቸው ውጤቱን አላዩም፤ ሥራቸውን ግን ቀድመው ጨርሰው ነበር።

አንተም የሴት አያትህን ታሪክ ጻፍ። ባል ኮርያ ሳለ ቤቱን ማን ያዘ? ደብዳቤ ማን ያነብላቸው ነበር? ደመወዙ ማን እጅ ላይ ይደርስ ነበር? ልጆቹ አባት ሲመለስ አወቁት ወይስ ሸሹት? እነዚህን የሚመልሱ አክስቶችህ ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል።

8. ክብሩን በልኩ ጥራ።

አሜሪካ ለአባ ካፓውን አስቀድማ የሰጠችው ከከፍተኛው የሚያንሰውን የጦር መስቀል ነው። ከፍተኛውን የክብር ሜዳሊያ ፕሬዚዳንት ኦባማ ለወንድማቸው ልጅ ያስረከቡት ኤፕሪል 11 ቀን 2013 ነው። ከሞቱ ከ62 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በመካከሉ ሲመሰክሩ የኖሩት አብረዋቸው የታሰሩት ናቸው።

ቤተ ክርስቲያንም አልቸኮለችም። እ.ኤ.አ. በ1993 «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ተባሉ፤ ምስክር ተሰበሰበ፣ የጻፉት ተመረመረ። በፌብሩዋሪ 2025 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሕይወታቸውን ስለ ሌሎች መስጠታቸውን ሲያጸድቁ አባ ካፓውን «ክቡር» ተባሉ። ብፁዕ ለመባል በአማላጅነታቸው የተደረገ ተአምር መረጋገጥ አለበት፤ ቅዱስ መባል ከዚያም በኋላ ነው። የገዛ ልጇን እንዲህ የምትመረምር ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነህ አያትህን በአንድ ሌሊት ሻለቃ አታድርጋቸው። ሃምሳ አለቃ ከነበሩ ሃምሳ አለቃ በል። በአንድ ዘመቻ የተገኙ ከሆነ ሦስት አትበል። ቁጡ ከነበሩ፣ መጠጥ ከነካካቸው፣ በልክ ጻፈው፤ የልጅ ልጆችህ እውነተኛ ሰው ካገኙ መልካሙንም ያምኑሃል።

9. ጸሎቱንና ወረቀቱን አብረህ ያዝ።

አባ ካፓውን የተማረኩበት ኖቬምበር 2 በሮማ ካቶሊክ ሥርዓት የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ዕለት ነው። አንተም ለአያትህ የዓመት መታሰቢያ ቀን ምረጥ፤ ቅዳሴ አስቀድስ፣ ሲሆን ዘመድ ሁሉ ይሰብሰብ። ዝክሩን ለመብልና ለመጠጥ ብቻ አትተወው፤ የጻፍኸውን በዚያ ቀን ጮክ ብለህ አንብብ። «አይ፣ ያኔ ቤታችን እዚህ ሳይሆን እዚያ ነበር» የሚል አይጠፋም፤ እርማቱን እዚያው መዝግብ፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጨምር።

ፎቶግራፎቹን ጀርባቸው ላይ በለስላሳ እርሳስ ስም ጻፍባቸው፤ እስክሪብቶ አትጠቀም፣ ያልፋልና። ወረቀቶቹን ስካን አድርግና ቅጂውን ለአንድ አክስትህ፣ ለአንድ ውጭ አገር ላለ ዘመድ፣ ለአንድ ወጣት ስጥ። አንድ ቤት ቢቃጠል ሁለት ይቀራል። ዋናው ወረቀት ከእርጥበትና ከፀሐይ ይራቅ፤ ሜዳሊያውን በአሸዋና በሎሚ አትፈትገው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ርስትህን ለብቻህ አትያዝ።

ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ሁለት ቦታ ሂድ፦ በሕይወት ካሉት የአያትህ ጓዶች በዕድሜ ከሁሉም ወደሚበልጡት ሽማግሌ ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ታላቋ አክስትህ። ደብተርና መቅጃ ስልክ ያዝ፤ ለሽማግሌው ስኳርና ቡና አትርሳ። ቀሪውን ከተመለስህ በኋላ እንነጋገራለን። እግዚአብሔር ያበርታህ፣ የአያትህንም ነፍስ ይማር።